ውጥር፣ ፍቅና ድጉስ፦ የስስ ንጣፍ ታሪክ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ

በሰሜን ኢትዮጵያ፣ ተከዜና ገባሮቹ በሸነሸኑት የዋግ ኽምራ ደጋ፣ እህልን ከነቀዝ፣ ጨውን ከእርጥበት፣ ማርን ከአየር፣ መጽሐፍን ከአቧራ የመጠበቅ ታሪክ በአብዛኛው የስስ ንጣፍ ታሪክ ነው። ስስ ንጣፍ ማለት ከርዝመቱና ከስፋቱ አንጻር ውፍረቱ እጅግ ያነሰ፣ የሚታጠፍና የሚጠቀለል፣ ሌላውን ነገር የሚያለብስ ወይም ሁለት ነገሮችን የሚለያይ ገጽ ሲሆን፣ የለፋ የፍየል ቆዳ፣ ብራና፣ እንዲሁም በገበያ ላስቲክ ወይም ፌስታል የሚባለው የፕላስቲክ ንጣፍ ሁሉም በዚህ ትርጓሜ ሥር ይወድቃሉ። በፋብሪካ ቋንቋ ይህ የመጨረሻው ፊልም ይባላል፤ የሲኒማው ፊልምም ስያሜውን ያገኘው ምስሉ ከሚታተምበት ስስ ንጣፍ ነው።

የፕላስቲክ ንጣፍ ለማሸጊያና ለኤሌክትሪክ መከላከያ የሚሠራበት ጥበብ የተወለደው በአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ነው፤ ዋግም ይህን ንጣፍ የምታውቀው ተጠቃሚ ሆና ነው። ይሁን እንጂ የዘመናዊው ሥራ ሦስት መሠረታዊ ተግባራት፣ ማለትም ንጣፉን በሁለት አቅጣጫ መወጠር፣ ገጹን ሆን ብሎ ማሻከርና በላዩ ላይ ቅርጽ ማተም፣ በዋግ አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ ለዘመናት በብራና መጻሕፍት ዝግጅት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ አማርኛም ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቃል፣ መወጠር፣ መፋቅና መደጎስ የሚሉትን፣ አስቀምጦላቸዋል። ከዚህ የሚከተለው ጽሑፍ ሁለቱን ጥበቦች ጎን ለጎን አኑሮ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሲተካ ምን እንደተገኘና ምን እንደጠፋ ይመረምራል።

ፍየልና ከረጢት

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት። ዋግሹም የዋግ ገዥ የማዕረግ ስም ሲሆን፣ ከዋግሹሞቹ አንዱ የሆኑት ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ነግሠዋል። በሰቆጣ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ኽምጣንጋ ተናጋሪ የሆነው የኽምራ አገው ነው። ደጋው ገብስና ስንዴ፣ ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላ ደግሞ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ዝናቡ ግን አጭርና የማይታመን በመሆኑ፣ የአካባቢው ሀብት ከእርሻው ይልቅ በከብቱ፣ ከከብቱም ይልቅ በፍየሉ ላይ የተመሠረተ ነው። በአካባቢው ስም የሚታወቀው የአበርገሌ ፍየል ድርቅንና ገደልን የሚችል፣ በቅጠልና በቁጥቋጦ የሚኖር ዝርያ ነው።

ይህ ፍየል ከሥጋውና ከወተቱ ሌላ ለዋግ ሰው ዋነኛውን የመያዣ ዕቃ ሰጥቶታል። ስልቻ የሚሠራው ቆዳው በሆድ በኩል ሳይቀደድ፣ እንደ ልብስ ተገልብጦ ተገፍፎ ሲሆን፣ እግሮቹ ታስረው አንገቱ አፍ ይሆናል። አቁማዳና ቀልቀሎም በመጠናቸውና በአገልግሎታቸው ቢለያዩ በአሠራራቸው የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በዚህ ዓይነቱ ከረጢት ውስጥ ስፌት የሚገኘው በጥቂት ስፍራ ብቻ ስለሆነ፣ ዱቄት የሚያፈስ ቀዳዳ ወይም ነቀዝ የሚገባበት ክፍተት እምብዛም የለውም፤ የዛሬ ዘመን ፋብሪካ ያለ መጋጠሚያ እንደ ቱቦ እየነፋ የሚያወጣው የላስቲክ ከረጢትም የሚሠራው ከዚህ ባልራቀ ሐሳብ ነው።

ጥሬ ቆዳ ግን ለብቻው ከረጢት አይሆንም። ሲደርቅ እንደ ሰሌዳ ይደርቃል፣ ሲርስ ይበሰብሳል። ፋቂው ጸጉሩንና ሥጋውን ፍቆ ካነሣ በኋላ፣ እንደ ግራር ቅርፊትና እንደ እምቧይ ፍሬ ባሉ ዕፅዋት ያለፋዋል። በዕፅዋቱ ውስጥ የሚገኘውና ታኒን የሚባለው መራራ ንጥረ ነገር በቆዳው ክሮች መካከል ገብቶ ስለሚያያዛቸው፣ ቆዳው ከዚያ ወዲያ ውኃ ቢነካው አይሟሽሽም፣ ቢደርቅም አይሰበርም። ከዚያ በእጅና በእግር እየታሸ ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት ሲጠጣ ለስላሳ ይሆናል። ይህን ያህል ዕውቀት የሚጠይቀው ሥራ በማኅበረሰቡ ዘንድ ክብር አልነበረውም፤ ፋቂ የሚለው ቃል ለረጅም ዘመን እንደ ስድብ ሲነገር ኖሯል፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ብቻ እየተላለፈ በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ቀርቷል። የኋላ ኋላ የፋብሪካ ዕቃ ሲመጣ የቆዳ መያዣ ያለ ብዙ ተቃውሞ ስፍራውን የለቀቀበት አንዱ ምክንያት ይህ የሙያ ንቀት ነው።

የብራና ሦስቱ ተግባራት

ከዚያው ፍየል የሚወጣው ሁለተኛው ንጣፍ፣ ብራና፣ በክብር ረገድ የስልቻ ተቃራኒ ነው። ለሰቆጣ ቅርብ የሆነው ከአንድ አለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንና በዋግ ደጋ የተበተኑት ሌሎች አድባራት ያለ ብራና ሊኖሩ አይችሉም ነበር፤ ወንጌሉ፣ ዳዊቱ፣ ገድሉና ድርሳኑ ሁሉ የተጻፈው በእርሱ ላይ ነው።

ብራና አይለፋም፤ ይወጠራል። ለተወሰኑ ቀናት በውኃ የተዘፈዘፈው ቆዳ ዙሪያውን እየተበሳ በገመድ ከአራት ማዕዘን የእንጨት ማዕቀፍ ጋር ይታሰራል፤ ገመዶቹም በየአቅጣጫው እየጠበቁ ይሄዳሉ። ቆዳው እንደተወጠረ ሲደርቅ፣ ቀድሞ በየአቅጣጫው ተጠላልፈው የነበሩት የውስጥ ክሮቹ ከገጹ ጋር ትይዩ ሆነው በንብርብር ይተኛሉ። በዚህም ምክንያት ብራና ከለፋ ቆዳ ይልቅ ይሳሳል፣ ይቀጥናል፣ ብርሃን በከፊል ያሳልፋል፤ ግን አይለጠጥም፣ በቀላሉም አይቀደድም። ጥንካሬው የመጣው ከተጨመረበት ነገር ሳይሆን፣ የውስጥ አደረጃጀቱ በውጥረት ከመለወጡ ነው።

ሁለተኛው ተግባር ፍቂያ ነው። ብራና ሠሪው ገጹን በምላጭና በመጥረቢያ ካሳሳው በኋላ በሻካራ ድንጋይ ያሸዋል። እጅግ የለሰለሰ ገጽ ቀለም አይቀበልም፤ ቀለሙ ይንሸራተትበታል ወይም ሲደርቅ ይላጣል። ድንጋዩ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ጭረቶች ስለሚያወጣ፣ ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ቅመም የተበጀው ጥቁር ቀለም የሚይዘው ስፍራ ያገኛል። ሦስተኛው ተግባር ድጉሳ ሲሆን፣ እርሱም በብራናው ላይ ሳይሆን የመጽሐፉን እንጨት በሚያለብሰው የለፋ ቆዳ ላይ የሚፈጸም ነው። ደጓሹ በእሳት የጋሉ የብረት ማተሚያዎችን በቆዳው ላይ እየተጫነ መስቀልና ሐረግ ያወጣል፤ የተጫነው ቅርጽ ቆዳው ሲቀዘቅዝ እንዳለ ይቀራል። የተጠረዘው መጽሐፍ ደግሞ ማኅደር በሚባል የቆዳ ከረጢት ውስጥ ገብቶ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አንድ መጽሐፍ እንግዲህ በሦስት ዓይነት የተበጀ ንጣፍ የተሠራ ነው፤ በተወጠረው ላይ ይጻፋል፣ በተደጎሰው ይሸፈናል፣ በለፋው ይጠበቃል።

ጨው፣ ማርና እርጥበት

የሰቆጣ ገበያ ከአገር ውጭም ስም ያተረፈበት ሸቀጥ አሞሌ ነው። አሞሌ በአፋር ዝቅተኛ ምድር ከሚገኘው የጨው ሜዳ እንደ ጡብ እየተጠረበ የሚወጣ ጨው ሲሆን፣ በበራህሌና በመቀሌ በኩል ወደ ደጋ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 ጀምሮ ለስድስት ዓመታት በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በመላ አገሪቱ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል መሆኑንና ዋጋውም ከማውጫው በራቀ ቁጥር እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል። ይህ አገልግሎት እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ድረስ ዘልቋል።

ጨው ገንዘብ በሆነበት ስፍራ የጨው መያዣ የካዝና ያህል ይታሰባል። የተሰበረ ወይም የሟሟ አሞሌ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ እንዳይሰበር በመቃ ወይም በዘንባባ ልጣጭ ይጠመጠማል፣ በክረምትም ከእርጥበት ይሸሸጋል። ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበት የሚስብ በመሆኑ፣ ነጋዴውን የሚያስጨንቀው ከላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ ዓይን የማያየው የአየር እርጥበትም ጭምር እንጂ። የለፋ ቆዳ ዝናብን ለጊዜው ቢመልስም እርጥበት አዘል አየርን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም።

ሁለተኛው የዋግ ሸቀጥ፣ ነጩ ማር፣ ይህንኑ ችግር በሌላ መልክ ያሳያል። ክረምቱ ሲወጣ ተራራውን ከሚያለብሱት አበቦች፣ በተለይም መንተሴ ከሚባለው ቁጥቋጦ፣ ንብ የምትቀስመው ይህ ማር በነጭነቱና በመርጋቱ ይታወቃል። ማርም እንደ ጨው ከአየር ውኃ ይስባል፤ በውስጡ ያለው ውኃ ከ20 በመቶ ሲያልፍ ሊቦካ ይችላል። የቀድሞው ሰው ማሩን በቅል፣ በገንቦና ጉንዶ በሚባለው የሸክላ ዕቃ አፉን በጥንቃቄ ከድኖ ያኖረው ነበር። ሸክላና ቅል ግን ይሰበራሉ፣ ይከብዳሉም፤ በገደላማው መንገድ በአህያ ጀርባ ሲጓዙ ከማሩ የሚፈሰው ቀላል አልነበረም። ስለዚህ የሚታጠፍ ግን እርጥበት የማያሳልፍ፣ ቀላል ግን የማይቀደድ ንጣፍ ለዋግ ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ ያልተፈታ ጉድለት ሆኖ ቆይቷል። ፕላስቲክ ሲደርስ በፍጥነት ተቀባይነት ያገኘው ይህን የቆየ ክፍተት ስለሞላ ነው።

ከኤሌክትሪክ ወደ ማሸጊያ

ዛሬ ከማሸጊያ ጋር ብቻ የሚታሰበው ላስቲክ በመጀመሪያ ሥራ ያገኘው በኤሌክትሪክ ዘርፍ ነው። የኤሌክትሪክ መከላከያ ማለት የኤሌክትሪክ ፍሰት ከታሰበለት መንገድ እንዳይወጣ የሚያግድ፣ ፍሰቱን የማያሳልፍ ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በባሕር ሥር የተዘረጉት የቴሌግራፍ ገመዶች የሚሸፈኑት ጉታ ፐርቻ በሚባል የዛፍ ሙጫ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር ደግሞ እንደ ዘመኑ ልማድ ባዶ ሽቦ ሆኖ፣ ከምሰሶው የሚለየው ሠራተኞች ስኒ የሚሉት መከላከያ ነበር። ስኒ ምሰሶ ላይ ለተሰቀለ ሽቦ ይበቃል፤ በጠባብ መሣሪያ ውስጥ ለሚጠቀለል ሽቦ ግን የሚታጠፍ ስስ ንጣፍ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ረጅም ጊዜ በዘይት የተነከረ ወረቀት አገልግሏል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 በእንግሊዝ አገር ዊኒንግተን በሚባል ስፍራ፣ አይ.ሲ.አይ. በተባለው ድርጅት ቤተ ሙከራ፣ ኬሚስቶቹ ኤሪክ ፎሴትና ሬጅናልድ ጊብሰን ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ሲያስጨንቁ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር አገኙ። ፖሊኤቲሊን የተባለው ይህ ግኝት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ በፋብሪካ መመረት ጀምሮ፣ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላንን ከሩቅ የሚያሳየው ራዳር የተባለው መሣሪያ ገመዶች መሸፈኛ ሆነ። ጦርነቱ ሲያበቃ ፋብሪካዎቹ ሌላ ገበያ ስለፈለጉ፣ ያው ነገር ተነፍቶና ተሳስቶ ወደ ምግብ መጠቅለያና ወደ ከረጢት ዞረ። ከእርሱ በፊት በማሸጊያነት የታወቀው፣ ስዊዘርላንዳዊው ዣክ ብራንደንበርገር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዕፅዋት ጭረት የፈለሰፈው ሴሎፋን ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 በሚላኖ የፈጸመው ነው። ናታ ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር የቀሰመውን ዘዴ ይዞ፣ ፕሮፒሊን ከተባለው ጋዝ ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተሰለፉ ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ለማግኘት ቻለ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1963 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ፖሊፕሮፒሊን ከፖሊኤቲሊን ይልቅ ሙቀትን ይችላል፣ ይጠነክራል፤ ከሁሉ በላይ ግን፣ እንደ ፍየሉ ቆዳ፣ ሲወጠር ጠባዩ ይለወጣል።

ሻካራው ገጽ እንዴት ይወጣል?

የተወጠረ የፖሊፕሮፒሊን ፊልም አሠራር የብራናን አሠራር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የፕላስቲኩ ፍሬዎች ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ቀልጠው በቀጭን ረጅም ክፍተት በኩል ይወጡና በሚሽከረከር የብረት ከበሮ ላይ እየረጉ ወፍራም ንጣፍ ይሆናሉ። ይህ ንጣፍ እንደገና ሞቆ፣ የኋለኛው ከፊተኛው በሚፈጥን ተከታታይ ሮለር መካከል ሲያልፍ በርዝመቱ አምስት እጥፍ ያህል ይሳባል። ከዚያም ግራና ቀኝ ጠርዙን በሰንሰለት ላይ የተደረደሩ መቆንጠጫዎች ይዘውት ወደ ሞቃት ዋሻ ይገባል፤ ሰንሰለቶቹም እየተራራቁ ሲሄዱ በስፋቱ ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ይወጠራል። መቆንጠጫዎቹ የብራና ሠሪውን ገመዶች፣ ዋሻው የማዕቀፉን ሥራ ይሠራሉ። ውጤቱም ተመሳሳይ ነው፤ ሞለኪውሎቹ ከገጹ ጋር ትይዩ ሆነው ስለሚሰለፉ፣ ውፍረቱ ከ15 እስከ 30 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር ሺኛ 15 እስከ 30 እጅ ብቻ የሆነ ንጣፍ፣ ጠንካራ፣ ጥርት ያለና እርጥበት የማያሳልፍ ይሆናል።

ሆኖም እንዲህ የተወጠረ ንጣፍ ገጹ እንደ መስተዋት ስለሚለሰልስ ሦስት ችግሮች ይከተሉታል። አንደኛው፣ ሲጠቀለል ንብርብሮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጣበቁ በማሸጊያ መኪና ላይ አይተረተሩም። ስለዚህ በውጭኛው ሽፋን ውስጥ እንደ ዱቄት የላመ ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዘር የሆነ ማዕድን፣ በጥቂቱ ይጨመርበታል፤ ቅንጣቶቹም ገጹን ጎበጥ ጎበጥ ስለሚያደርጉት አየር በመካከል ገብቶ ያላቅቀዋል። ሁለተኛው ችግር ቀለም አለመያዙ ነው፤ የብራናው ፍቂያ የሚፈታውን ይህን ችግር ፋብሪካው ድንጋይ ሳይነካ፣ በገጹ ላይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በማዝነብ ይፈታዋል። ሦስተኛው ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል።

ካፓሲተር የሚባለው መሣሪያ የኤሌክትሪክ ኃይልን ለአጭር ጊዜ አጠራቅሞ የሚመልስ ሲሆን፣ በመሠረቱ በመከላከያ ንጣፍ የተለያዩ ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች እንደ ጥቅልል ተጠምጥመው የሚሠራ ነው። ከፍተኛ ኃይል በሚሸከሙት ዓይነቶች ውስጥ በጥቅልሉ መካከል አየር ከቀረ፣ አየሩ በኤሌክትሪኩ ጫና ጥቃቅን ብልጭታ እየፈጠረ ንጣፉን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ መሣሪያውም ይቃጠላል። ስለዚህ አየሩ በሙሉ እንዲወጣና በስፍራው መከላከያ ዘይት እንዲገባ ይደረጋል። ነገር ግን ሁለት ለስላሳ ንጣፎች ተጣብቀው ሲጠቀለሉ ዘይት የሚገባበት መንገድ አይኖርም፤ ሻካራው ፊልም የተፈለሰፈው ለዚህ ነው።

ሻካራነቱ የሚመጣውም በረቀቀ መንገድ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ሲረጋ ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ተደርድረው ክሪስታል የሚባሉ ጥቃቅን አካላት ይሠራሉ፤ ክሪስታሉም አልፋና ቤታ በሚባሉ ሁለት ዋና መልኮች ሊወጣ ይችላል። ፈሳሹ የሚረጋበት ከበሮ ሞቅ ብሎ ንጣፉ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ቤታው ይበረክታል። ቤታው ከአልፋው ይልቅ ሳሳ ያለ አደራደር ስላለው ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። ንጣፉ ሞቆ ሲወጠር ቤታው ወደ አልፋ ይለወጣል፣ ይጨማደዳልም፤ ቀድሞ ይዞት የነበረው ቦታ ባዶ ሲቀርም በገጹ ላይ በአጉሊ መነጽር የሚታዩ፣ ዙሪያቸው ከፍ መካከላቸው ዝቅ ያለ ጥቃቅን ጎድጓዶች ይወጣሉ። ዘይቱ በእነዚህ ጎድጓዶች መካከል እንደ ውኃ በመስኖ ቦይ እየተጓዘ እስከ ጥቅልሉ ልብ ድረስ ይደርሳል። ገጹን ማንም አልፋቀውም፤ ሻካራነቱ ከራሱ ከውጥረቱ የተወለደ ነው።

ድጉሳም በፋብሪካው ውስጥ አቻ አለው። ገና ያልረጋ የፕላስቲክ ንጣፍ ቅርጽ በተቀረጸበት የብረት ሮለርና በጎማ ሮለር መካከል ሲያልፍ ነጠብጣብ፣ መስመር ወይም የአልማዝ ቅርጽ ይታተምበታል፤ ቅርጹ ንጣፉ እንዳያንሸራትት፣ ለእጅ እንዲመች ወይም ከሥሩ አየር እንዲያስተላልፍ ያገለግላል። የጋለው ብረት ወደ ቀዝቃዛው ቆዳ ከመምጣት ይልቅ የጋለው ንጣፍ ወደ ቀዝቃዛው ብረት ይመጣል እንጂ ዘዴው አንድ ነው።

ላስቲክ በዋግ

ይህ ሁሉ ጥበብ ዋግ የደረሰው በሦስት ስሞች ተሸፍኖ ነው፤ ስሞቹ ራሳቸው የአመጣጡን ታሪክ ይናገራሉ። ከጭረት የሚሸመነውን ጆንያ የተካው የፕላስቲክ ከረጢት እስከ ዛሬ ማዳበሪያ ይባላል፤ ወደ ገበሬው ቤት የገባው የአፈር ማዳበሪያ ይዞ ስለነበረና ይዘቱ በማሳ ላይ ካለቀ በኋላ ስሙ በመያዣው ላይ ስለቀረ ነው። ይህ ከረጢት ከሩቅ ጨርቅ ቢመስልም በእውነቱ የፊልም ልጅ ነው። የፖሊፕሮፒሊን ንጣፍ በቀጭኑ ተተልትሎ፣ እያንዳንዱ ትልታይ በርዝመቱ ተወጥሮ፣ ከዚያ እንደ ሸማ ይሸመናል። ሽመናው የሚሰጠው ሻካራ ገጽ ከረጢቶች ሲደረደሩ እንዳይንሸራተቱ ይጠቅማል፤ ማዳበሪያው እርጥበት እንዳይስብም ከውስጥ ሌላ ለስላሳ የፖሊኤቲሊን ከረጢት ይለብሳል። ሁለተኛው ስም ጀሪካን ሲሆን፣ እንስራን ከሴቶች ጀርባ ያወረደ ዕቃ በመሆኑ ውለታው ትልቅ ነው። ሦስተኛው ላስቲክ ነው፤ በእርሱም ሥር ከቤት ጣራ መሸፈኛ እስከ ጨው መቋጠሪያ ያለው ሁሉ ይጠራል።

የመጣበት መንገድ ከመከራ ጋር የተሳሰረ መሆኑም አይዘነጋም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ ነበረች፤ ብዙ ሕዝብም ወደ ኮረም ከተማ ተሰዶ የእርዳታ እህል በከረጢት ተቀብሏል። እህሉ ካለቀ በኋላ ከረጢቱ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ የጎጆ ግድግዳ ሆኗል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች ተፈናቅለው በሰቆጣ ዙሪያ ለተጠለሉት ወገኖችም የመጀመሪያው ጣራ የላስቲክ ሸራ ነበር።

በመልካም ቀንም ንጣፉ ሥራ አላጣም። በ1990ዎቹ ዓመታት በአማራና በትግራይ ክልሎች ድርቅን ለመቋቋም የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙ የቤተሰብ ኩሬዎች በብዛት ሲቆፈሩ፣ ውኃው ወደ አፈር እንዳይሰርግ ብዙዎቹ ጂኦሜምብሬን የሚባል ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎላቸዋል። እዚህም የገጹ ጉዳይ ይነሣል፤ ለስላሳ ጂኦሜምብሬን በተዳፋት ላይ ሲነጠፍ ከላዩ የሚደረገው አፈር ስለሚንሸራተት፣ ለእንዲህ ያለው ስፍራ ሻካራ ሆኖ የተሠራ ዓይነት አለ። ንጣፉ በሕፃናት ምግብ ማሸጊያነትም አገልግሏል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል ኪዳን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚህችው ከተማ ስም ተጠርቷል። ለከፋ የምግብ እጥረት የተጋለጡ ሕፃናት ከሚታከሙባቸው ምግቦች የታወቀው ፕላምፒ ናት፣ 92 ግራም በምትይዝ ትንሽ ከረጢት የሚታሸግ ሲሆን፣ የፕላስቲክና የአሉሚኒየም ንብርብር ያላት ይህች ከረጢት ብርሃንና አየር ስለምትከለክል ምግቡ ያለ ማቀዝቀዣ ሁለት ዓመት ይቆያል። ለሰቆጣ ጨውና ማር ነጋዴ ለዘመናት ያልተገኘው፣ ቀላልና አየር የማያሳልፍ ንጣፍ እነሆ በሕፃናት መድኃኒትነት ደርሷል።

ፍርዱ

በአማርኛ ሁለት ነገሮች በስም ቢለያዩም በግብር አንድ መሆናቸውን ለመግለጽ “ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ” ይባላል። እስካሁን የተባለው ላስቲክንም ከስልቻና ከብራና ጋር በዚህ ተረት ሊጠቃለል የሚችል ያስመስለዋል፤ መወጠሩ፣ መሻከሩና መደጎሱ ያው ነውና። በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ፤ እርሱም በአገልግሎት ዘመንና በዕድሜ መካከል ያለው ሚዛን ነው። ብራና ለብዙ መቶ ዓመታት ይኖራል፣ ለብዙ መቶ ዓመታትም ይነበባል፤ ስልቻ ለዓመታት ያገለግልና ሲያልቅ ወደ አፈር ይመለሳል። በካፓሲተር ውስጥ የተጠቀለለው ሻካራ ፊልምም ለአሥርት ዓመታት ሥራውን ስለሚሠራ ዕድሜውና አገልግሎቱ ተመጣጥነዋል። ሚዛኑ የተዛባው በፌስታሉ ነው፤ ከገበያ እስከ ቤት ላለው መንገድ ብቻ ያገለግልና የማይበሰብስ ሆኖ በእሾህ ላይ ይንጠለጠላል።

ሕጉ ይህን ካየ ሰንብቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠና የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ወስኗል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታልን ምርትና አጠቃቀም የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ የሚከለክለውን ያህል የሚተካውን ሊያመጣ አይችልም፤ ፌስታሉ ሲቀር ስፍራውን የሚይዘው መያዣ የፋቂውን፣ የሰፌድ ሠሪዋንና የሸክላ ሠሪዋን ሙያ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ይህን ሙያ ደግሞ ኅብረተሰቡ ራሱ ሲንቀው ኖሯል። በዋግ ደጋ ቀድሞ ከፍየሉ ከረጢት ይወጣ ነበር፤ ዛሬ የታረደ ፍየል ሆዱ ሲከፈት ከረጢት ከውስጡ ይወጣል።